ሰዓትን በሶፍትዌር ማበላሸት፦ ከወልድያ እስከ ግራና የሚያገለግል መመሪያ

የኢትዮጵያን ሰዓት ማዛባት ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። አገሩ በሙሉ የሚተዳደረው በአንድ ሰዓት ነው። ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ በጋ መጣ፣ ክረምት ወጣ ተብሎም ወዲያ ወዲህ አይገፋም። ወልድያ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትወጣለች። ይህን ያህል የረጋ ነገር ለማናጋት ሙያ ይጠይቃል። ለመርሳ ጤና ጣቢያ፣ ለሀብሩ ገበሬ ወይም ለወልድያ መናኸሪያ ሶፍትዌር ልትሠሩ ያሰባችሁ ጀማሪዎች ሙያው እንዳያመልጣችሁ ይህን ምክር አንብቡ።

አንደኛ፦ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ

ከቆቦ እስከ ግራና በተዘረጋው ሸለቆ የመስኖ እርሻ አለ እንበልና፣ ፓምፑን በኮምፒውተር እንድታስነሡ ተቀጠራችሁ። ገበሬው «12 ሰዓት ላይ ይነሣ» ይላችኋል። የጠዋቱን ነው ወይስ የማታውን ብላችሁ አትጠይቁ። 12 ብላችሁ አስገቡና ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ማሽኑ 12ን እኩለ ቀን አድርጎ ይወስደዋል፤ ውኃው ሽንኩርቱ ላይ የሚፈሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው፤ ግማሹ ተኖ ይቀራል። ውኃውን የሚያከፋፍሉት የውኃ አባት ሲቆጡ «ሲስተሙ ነው» በሏቸው። ይህች ቃል የማትፈታው ጠብ የለም።

ሁለተኛ፦ 6 ሰዓት ባገኛችሁበት ቦታ ሁሉ ቀንሱ

በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል 6 ሰዓት እንዳለ ማንም ያውቃል። ጥበቡ ልዩነቱን የት እንደምትቀንሱት ነው። ለተጠቃሚው ሲታይ ብቻ ብትቀንሱት ነገሩ ይስተካከላል፤ ስለዚህ እሱን ተዉት። መረጃው ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ሲቀመጥ ሌላ ጊዜ፣ ሲወጣ ደግሞ እንደገና ቀንሱ።

ከዚህ የሚልቅ ዘዴም አለ፤ የኮምፒውተሩን ሰዓት በእጃችሁ 6 ሰዓት ወደኋላ መልሱት። ማያ ገጹ ላይ 2 ሰዓት ሲባል በእርግጥም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሆናል፤ አለቃ ይደሰታል። በሰዓት ላይ የሚመሠረቱት የማረጋገጫ ኮዶች ግን አንዱም አይሠራም፤ ዛሬ የተላከ ደብዳቤም ከመጪው ጊዜ የመጣ ይመስላል። «ሰዓቱን አልነካም፣ ቦታውን ብቻ እቀይራለሁ» የሚል ጥንቁቅ ሰው ካለ ደግሞ ወልድያን ወስዶ ቦነስ አይረስ ላይ ይትከላት፤ ልክ በ6 ሰዓት ወደኋላ የቀረ ከተማ ነው።

ሦስተኛ፦ ዓመት 12 ወር ነው ብላችሁ ጽኑ

የእኛን ቀን በፈረንጅ ቀን ሳጥን ውስጥ እንዳለ ክተቱት። አብዛኛው ቀን ያለ ኮሽታ ይገባል፤ የዘዴው ውበትም እዚህ ላይ ነው። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ፣ ሳጥኑ ጥቅምት 30ን «ፌብሩዋሪ 30 የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ጥቅምት 29ን በ2016 ይቀበልና በ2017 ይጮኻል። ጳጉሜን የተወለደ ሰው እስከነአካቴው አልተወለደም።

ይህን ለብድርና ቁጠባ ስትጠቀሙበት ፍሬው ይታያል። ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 ያለው አንድ ቀን ነው፤ ሶፍትዌራችሁ ግን ጃንዋሪ 31 ቀን አለው በሚለው የፈረንጅ ሕግ ሁለት ቀን ያስባል፤ ተበዳሪው የአንድ ቀን ወለድ ይጨመርበታል። አታዝኑለት፤ ከነሐሴ 30 እስከ መስከረም 1 ያለውን 6 ወይም 7 ቀንም ሁለት ብሎ ስለሚቆጥር ጳጉሜን በነፃ ያልፍለታል።

አዲስ ዓመትንም በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ላይ ቸንክሩት። ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ወደ 12 እንደሚሻገር፣ 2016ም የገባው እንዲያ እንደነበር ለሚያስታውሳችሁ ሰው ጆሮ አትስጡ።

አራተኛ፦ ቀን የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ነው በሉ

ግራና ውስጥ ቀኑ የሚቀየርበት ሰዓት እንደ ጠያቂው ይለያያል። ለአብዛኛው ሰው ሲነጋ ነው፤ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በየፊናቸው ከማታው ይጀምራሉ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀን የሚለውጠው ኮምፒውተሩ ነው፤ እናንተም ከእሱ ጋር ወግኑ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተወለደች ልጅ አያት «ለቅዳሜ አጥቢያ» ካሉ ትክክለኛውን ቀን ነግረዋችኋል። አዋላጇ «ዓርብ ሌሊት» ካለች ግን ሳታጣሩ ዓርብ ብላችሁ መዝግቡ። የልደት ቀኑ ባዶ ከሆነም አትጨነቁ፤ ብዙ ሲስተም ባዶውን በጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ይሞላዋል። ያ ማለት ታኅሣሥ 23 ቀን 1962፣ በእኛ አገር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የወረዳው ሰው ግማሹ መንታ ይሆናል።

አምስተኛ፦ የውጭውን ዓለም በአንድ ቁጥር ቋጩት

ዋሽንግተን ላለ ዘመድ «7 ሰዓት ቀንስ» ብላችሁ ጻፉ። ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች አጋማሽ ልዩነቱ 8 ስለሚሆን እናት ልጃቸውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሱታል፤ ናፍቆት ነው ይባላል። የከተማውን ስም አስቀምጦ ሕጉን ከዓለም አቀፉ የሰዓት ክልሎች መዝገብ ማንበብ የሰነፎች ሥራ ነው፤ መዝገቡ እየታደሰ ያስቸግራል። በመጋቢት 2015 የሊባኖስ መንግሥት ሰዓት የሚቀየርበትን ቀን በመጨረሻው ሰዓት አራዘመ፤ ከፊሉ ሕዝብ አልቀበልም አለ፤ ቤሩት ለጥቂት ቀናት በሁለት ሰዓት ስትተዳደር ከረመች፤ መዝገቡም ታርሞ እንደገና ተመለሰ። እዚያ ለሚሠሩት እህቶቻችን የሚደውል ሰው ግን የእናንተን ቁጥር ይመን።

የድሮውንም አትፈትሹ። አዲስ አበባ እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ የፋሺስት ጦር እስከገባበት ቀን ድረስ፣ ከመነሻው ሰዓት በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ግድም ትቀድም እንደነበር መዝገቡ አስፍሮታል። አዳዲሶቹ ቅጂዎች ግን አዲስ አበባን በናይሮቢ ሥር ጠቅልለዋታል።

ስድስተኛ፦ በአማርኛ አሳዩ፣ በፈረንጅ ቁጠሩ

ይህ ያለምንም ድካም የሚገኝ ነው። ብዙ ሶፍትዌር ቋንቋው አማርኛ ሲደረግ የፈረንጁን የጠዋትና የማታ ምልክት «ጥዋት» እና «ከሰዓት» ብሎ ይተረጉመዋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የሚነሣ አውሮፕላን «9:00 ከሰዓት» ሆኖ ይወጣል። ከመርሳ የመጣ መንገደኛ ቦሌ 6 ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል። «2:00 ጥዋት» የተባለው ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲመጣ ከሌሊቱ 8 የበረረውን አውሮፕላን ያጣል።

ሰባተኛ፦ ስትፈትሹ ቀን መርጣችሁ ይሁን

ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ በጥር ወር፣ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ሆናችሁ ሞክሩት። ጳጉሜንን፣ ሌሊትንና ግራናን አትንኩ።

ይህ ሁሉ የማይጥመው ሰው ካለ ሥራው አጭር ነው። ያለፈውን ነገር በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ያስቀምጥ፤ የወደፊቱን ቀጠሮ በቦታው ሰዓትና በቦታው ስም ይጻፍ፤ ለሰው ሲያሳይ ደግሞ በዚያ ሰው አቆጣጠር ያሳይ፣ የጠዋት ይሁን የማታ አብሮ ይናገር። የሰዓት ክልሎቹን መዝገብ የሚጠብቁት ሰዎች ብዙ ኢትዮጵያውያን ሰዓትን ከንጋት ጀምረው እንደሚቆጥሩ፣ በአማርኛ ሰዓት የሚጠይቅም ይህን እንዲያስብ መዝገቡ ውስጥ ማስታወሻ አኑረዋል። ካሊፎርኒያ ያለ የመዝገቡ ጠባቂ የጻፈውን፣ ወልድያ ያደገ ፕሮግራመር ረሳሁት ቢል ማንም አያምነውም።