ብርድን በዶላር

በአውሮፓና በአሜሪካ አዲስ ዓይነት ጀግና በቅሏል። ይህ ጀግና ጎህ ሳይቀድ ይነሣል። ማሞቂያ ካለው መኝታ ቤቱ ወጥቶ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር በገዛው የበረዶ ገንዳ ውስጥ ይዘፈቃል፤ ሁለት ደቂቃ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በፎጣ ተጠቅልሎ ስለ መንፈስ ጽናት ይሰብካል። ስልኩ ከገንዳው ጠርዝ ቆሞ ይቀርጸዋል፤ ያልተቀረጸ ብርድ መንፈስ አያጠነክርማ!

የሥርዓቱ አባት ሆላንዳዊው ዊም ሆፍ ናቸው። እሳቸውስ ኪሊማንጃሮን በቁምጣ ወጥተዋል፤ ደቀ መዛሙርታቸው ግን ከሻወር እስከ ፎጣ ያለችውን መንገድ ኪሊማንጃሮ አደረጓት።

ሳይንስ የለውም እንዳትሉ! እዚያው ሆላንድ 3,018 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ለአንድ ወር፣ በየዕለቱ በሞቀ ውኃ ታጥበው ሲጨርሱ፣ ከፊሉ 30፣ ከፊሉ 60፣ ከፊሉ 90 ሴኮንድ ቀዝቃዛ ውኃ በላያቸው ለቀቁ፤ የቀሩት እንደወትሮው ታጠቡ። ቀዝቃዛ ውኃ የለቀቁት በሕመም ምክንያት ከሥራ መቅረታቸው እንደወትሮው ከታጠቡት በ29 በመቶ አነሰ። እሰይ! የታመሙባቸው ቀናት ግን አልቀነሱም። እንደማንኛውም ሰው ታመሙ፤ እንዳመማቸው ሥራ ገቡ። ጉንፋኑ ይቆይ፣ የሕመም ፈቃዱ ይቅር! አሠሪ ከዚህ በላይ ምን ይመኛል? 90 ሴኮንድ የተንቀጠቀጠውም ከ30 ሴኮንዱ አልበለጠም፤ ትርፉ አንድ ደቂቃ ለዝና ነው።

ታሞ ሥራ መግባት ጽናት ከሆነማ ዋንጫው ደብረ ብርሃን መግባት ነበረበት። ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ሌሊቱን በር የሚጠብቀው ዘበኛ፣ ጣቷ እስኪደነዝዝ የሰው ልብስ የምታጥበው ሴት፣ ሁለቱም በዚህ ትምህርት ከተመረቁ ቆይተዋል። መድረክ ግን የሰጣቸው የለም። ጥፋቱም የራሳቸው ነው፤ ብርዱን በነፃ ወሰዱት። በነፃ የተገኘ ብርድ ያሳምማል እንጂ አያስከብርም።

ደግሞም ባለገንዳው ሲበቃው ይወጣል፤ ዘበኛው ተረኛው እስኪመጣ ይቆያል። ስለዚህ ገንዳ ሻጮች ሆይ፣ ምርታችሁን አሻሽሉ። የሚቀጥለው ገንዳ ክዳኑ ከውጭ የሚቆለፍ ይሁን፤ ቁልፉን ዘበኛው ይያዝ፤ ተረኛው ሲመጣ ይክፈት። ያኔ ስለ ጽናት የሚሰበከውን ቁጭ ብለን እንሰማለን።