ተመላሽ ስጦታ

የሰፈራችን ባለሱቅ ካርቶን ላይ «ዱቤ ነገ» ብሎ ጽፎ መደርደሪያው ላይ ለጥፎ ነበር። በማግሥቱ ብትሄዱም ጽሑፉ ያው ነው፤ ነገም ያው ነገ ነው። ደግ ሰው ስለነበር ፊት ለፊት «አልሰጥም» ማለት ከብዶት ያመጣት ዘዴ ናት። ኒው ዮርክ ከተማ ይህችኑ ዘዴ ገልብጣ ትሠራባታለች። በዓመት ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ የምታወጣው ከተማ በዱቤ ትወስዳለች፤ «ነገ ና» የሚባለው ባለሱቁ ነው። ባለሱቁ ማን ነው ብትሉ፣ ለአዛውንት ምሳ የሚቀቅለው ነው።

እዚህ ከተማ ዕድሜያቸው 60 ያለፈ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይኖራሉ። የእነሱን ጉዳይ እንዲይዝ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት የሚደርሰው ከከተማዋ በጀት ግማሽ በመቶ አይሞላም። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ድስት አይጥድም፤ ያዋውላል። ሐበሻው «ሲኒየር ሴንተር» የሚላቸው ማዕከላት ከ300 በላይ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹን የሚያንቀሳቅሱት በውል የገቡ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ናቸው። ምሳው፣ ዶሚኖው፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራው ስፖርት፣ ከአልጋ መነሣት ለማይችሉት ቤት ድረስ የሚሄደው ምግብ፣ ሁሉም የውል ሥራ ነው። በቅርብ ዓመታት «ሲኒየር» የሚለው ቃል ክብር ይነካል ተብሎ የማዕከላቱ መጠሪያ ተቀይሯል። ስም መቀየሩ በፍጥነት ተከናውኗል፤ ስለዚህ ከተማዋ ሥራ ታጓትታለች የሚሉ ሰዎች ያጋንናሉ።

ውሉ እንዴት እንደሚወለድ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጨረታ ይወጣል። ድርጅቱ ስንት ሰው እንደሚመግብ፣ በስንት ሠራተኛ፣ በየትኛው ወጥ ቤት፣ የወጥ ቤቱ ኪራይ ስንት እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ከማን ጋር ምን ውል እንደነበረው፣ የቦርድ አባላቱ እነማን እንደሆኑ ጽፎ ያስገባል። ከወራት በኋላ «አሸንፋችኋል» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ሰው ይተቃቀፋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼኔ ነው። ማሸነፍ ማለት ውል መፈረም አይደለም፤ መፈረም ማለትም ውሉ ጸና ማለት አይደለም። ኮምፕትሮለር የሚባለው የከተማዋ የሂሳብ ሹም እስኪመዘግበው ድረስ ውሉ አልጸናም፣ አንድ ሳንቲምም አይወጣበትም። ለምዝገባው ሹሙ 30 ቀን ተሰጥቶታል። ሠላሳ ቀን ለጨዋ ሰው አይበዛም። ነገር ግን ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ወረቀቱ የሕግ ክፍሉን፣ የበጀት ክፍሉን፣ የኢንሹራንሱን፣ የከንቲባውን ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ሁሉ ተሳልሞ ሲደርስ ነው። ጉድለት ተገኝቶበት ከተመለሰ ደግሞ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ይህ ሁሉ የሚያልፍበት የኮምፒውተር ሥርዓት ስሙ ፓስፖርት ይባላል። ማን እንዳወጣለት አላውቅም፤ አገር ቤት ፓስፖርት ለማውጣት ወረፋ ይዞ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

የከተማዋ በጀት ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 1 ቀን ነው። ውሉም ከዚያ ቀን ይጀምራል፤ በወረቀት ማለቴ ነው። ጁላይ ደግሞ ኒው ዮርክ የምትቀቀልበት ወር ነው። ሙቀቱ ሲያይል ከተማዋ «አዛውንት ቤታቸው ተቀምጠው እንዳይሞቱ ወደ ማቀዝቀዣ ማዕከላት ይምጡ» ብላ ታውጃለች። ከማቀዝቀዣ ማዕከላቱ ብዙዎቹ እነዚሁ ውላቸው ያልተመዘገበ የአረጋውያን ማዕከላት ናቸው። እናም በሕግ ዓይን ገና ያልጸና ውል ያለው ድርጅት፣ ባልተከፈለው ገንዘብ፣ የመብራት ኃይሉን ሂሳብ እየከፈለ፣ የከተማዋን ነዋሪ ያቀዘቅዛል። የመብራት ኃይል መሥሪያ ቤቱ ግን በዚህ መንፈሳዊነት ውስጥ የለበትም፤ ገንዘቡን በየወሩ ይጠይቃል። የቤቱ ባለቤት ኪራይ ይጠይቃል። አትክልት አቅራቢው ይጠይቃል። የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ልጅ አላት።

ድርጅቱ ምን ያድርግ? ባንክ ሄዶ ይበደራል። ወለዱን ከውሉ ላይ ላንሣ ቢል ወለድ የፕሮግራም ወጪ አይደለም ይባላል፤ ስለዚህ ወለዱን የሚከፍለው የራሱን በጎ አድራጊዎች ለምኖ ነው። ባለጠጋ ተበድሮ፣ ወለዱን ለማኝ የሚከፍልበት አሠራር የትም ዓለም ያለ አይመስለኝም።

ከተማዋ ግን ጨካኝ አይደለችም። ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ያዘጋጀችው ገንዘብ አላት። ውላችሁ ሳይመዘገብ ቆይቶ ደመወዝ መክፈል ቢያቅታችሁ፣ ካለ ወለድ የምትወስዱት ነው፤ ውሉ ተመዝግቦ ክፍያ ሲለቀቅላችሁ ትመልሳላችሁ። ስሙን ወደ አማርኛ ብመልሰው «ተመላሽ ስጦታ» ይሆናል። በአማርኛ ስጦታ ሰምተናል፣ ብድርም ሰምተናል። ለሠርግ የሰጡትን ሰሃን መልሱ የሚል ዘመድም አንዳንዴ አይጠፋም። ነገር ግን ያለባትን ዕዳ ለአበዳሪዋ መልሳ የምታበድር፣ ብድሩንም ስጦታ ብላ የምትሰይም ተበዳሪ ማየት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቅኔ ቤት ገብተው የማያውቁ የበጀት ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ሰምና ወርቅ መቋጠራቸው ያስገርማል።

የእኛ እድር ከዚህ ሲወዳደር ኋላ ቀር ነው፤ አፈርኩበት። ሰው ሲሞት ጡሩንባ ይነፋል፣ ረፋድ ላይ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበርና ድስቱ ከመጋዘን ይወጣል፣ ገንዘብ ያዡ ብሩን ቆጥሮ ለቤተሰቡ ያስረክባል። ደረሰኙ በኋላ ይፈለጋል። ለድንኳኑ ሦስት ዋጋ ይቅረብ ያለ ዳኛ አልሰማሁም። ቢልማ ኖሮ ሟች የሚቀበረው በአርባው ነበር።

እርግጥ ጥንቃቄው ካለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ በውል ስም የሚዘረፈው ገንዘብ ቅሌት አስነሥቶ ስለነበር፣ ሌባ እንዳያልፍ ተብሎ በር ላይ በር ተደረበ። ሌባ መቼም ፈጣን ነው። በየበሩ የሚቆመው ሾርባ የያዘው ሆነ።

ውሉ ራሱ ሰነፍ ነው እንዳትሉ። በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ ምሳ የአንድን አዛውንት የዕለት የምግብ ፍላጎት ሲሶ መሸፈን አለበት። ሲሶው ይሰላል፤ ወተቱ፣ አትክልቱ፣ ጨው መቀነሱ ይመረመራል። የበላው ሰው ይቆጠራል፤ ድርጅቱ ቃል ከገባው በታች ካበላ ለምን ጎደለ ተብሎ ይጠየቃል። በሾርባው ውስጥ የካሮቱ ቁራጭ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ መንግሥት፣ የሾርባው ዋጋ መቼ እንደሚከፈል ባያውቅ አይፈረድበትም። ሰው ሁሉን አያውቅም።

የማይቆጠር ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ብሮንክስ ውስጥ አንድ ሙከራ ተጀምሮ ነበር። በየቀኑ ትኩስ ምግብ ይዞ የብዙ አዛውንትን በር ከማንኳኳት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የቀዘቀዘ ምግብ አድርሶ ማቀዝቀዣቸው ውስጥ ማስቀመጥ። ሥራው ለጥቂት ትልልቅ ተጫራቾች ተሰጠ፤ ብዙ ትንንሾቹ ወጡ። በሂሳብ ጥሩ ነው፤ ምግቡ ያው ነው፣ ጉዞው ይቀንሳል። የጠፋው በር ማንኳኳቱ ብቻ ነው። አድራሹ ሲያንኳኳ «ማነው?» የሚል ድምፅ ከውስጥ ካልመጣ ሰውየው ወድቀዋል ማለት ነው፤ ስልክ ይደወላል። ይህ ግን በየትኛውም የዋጋ ማቅረቢያ ላይ ዓምድ የለውም። አንድ «ማነው» በስንት ዶላር ይገዛል? የበጀት ሹም ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ልለፈው።

ለውጥ አልተሞከረም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ከንቲባ ኤሪክ አዳምስና ኮምፕትሮለሩ ብራድ ላንደር በጋራ ያቋቋሙት ግብረ ኃይል፣ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች በወቅቱ እንዲከፈላቸው የሚል ሪፖርት አወጣ። ከድርጅቶቹ ውል ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው የሚመዘገበው ሥራው ከተጀመረ በኋላ እንደነበር ያን ጊዜ በግልጽ ተጻፈ። በዚያው ዓመት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ክፍያ «ተለቀቀ» ተብሎ የምሥራች ተነገረ። ገንዘቡ የአዛውንቱ ድርጅቶች ብቻ ሳይሆን የሁሉም ለትርፍ ያልቆሙ ተቋማት ነው። እንደ እኔ ያለ ቂላቂል የምሥራቹን ሰምቶ «ታድያ ያ ሁሉ ገንዘብ እስከ ዛሬ የት ነበር?» ይላል። ዕዳውን ስለከፈለ ጭብጨባ የሚገባው ባለዕዳ እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህም አቤቱታው ከከተማዋ ምክር ቤት አዳራሽ አልጠፋም፤ አዲስ ግብረ ኃይል ቢቋቋም አልቃወምም፣ ስብሰባው ላይ ምሳ ካለ።

በሕጉ መሠረት በአረጋውያን ማዕከላቱ ምሳ አይሸጥም። የሌለው በነጻ ይበላል፤ የቻለ የፈቀደውን በሣጥን ይጥላል፤ ባይጥል የሚጠይቀው የለም። አንዲት የማውቃቸው እናት በየቀኑ ከምሳ በፊት ቦርሳቸውን ይከፍታሉ። በነጭ መሐረብ የተቋጠረ አለ፤ ፈትተው ሁለት ዶላር ያወጣሉ፣ አጥፈው ሣጥኑ ውስጥ ይጥላሉ። ዓርብ ዓርብ ከጾሙ የተነሣ ሰላጣና ፍራፍሬ ብቻ ነው የሚነኩት፤ ያን ቀንም ሁለቱ ዶላር አይቀርም።

«እማማ፣ ግዴታ የለብዎትም እኮ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የበላሁትን ሳልከፍል ልውጣ? ያንቀኛል።»

ማታ የሂሳብ ሠራተኛዋ ሣጥኑን ከፍታ ብሩን ታፈሳለች። ዶላሩን አንድ በአንድ ዘርግታ ትቆጥረዋለች፤ አዛውንቱ ምን ያህል እንዳዋጡ ተመዝግቦ ለከተማዋ ሪፖርት መደረግ አለበትና። ውሉ ገና አልተመዘገበም። ሪፖርቱን ግን አንድም ወር አሳልፋ አታውቅም።