ድምፅ አበላሽ ይፈለጋል

የዘንድሮ አቀናባሪ ድምፅ ከመቅዳቱ በፊት ከሰፈሩ ጋር ጦርነት ይገጥማል። ግድግዳውን በስፖንጅ ይለብጣል፣ መስኮቱን በፍራሽ ይደፍናል፣ ፍሪጁን ከሶኬት ይነቅላል። እናቱ ሥጋው እንዳይበላሽ ቢሰጉ «እማዬ፣ አንድ ሰዓት ብቻ» ይላቸዋል። ቁራሌው ጮኾ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ የጎረቤት ውሻ እስኪተኛ ይጠብቃል። በመጨረሻ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዘፋኟን ብርድ ልብስ ከተሰቀለበት ጥግ ያቆማትና በ24 ቢት፣ የትንፋሿ ቅንጣት ሳይቀር የሚሰማበት ጥርት ያለ ድምፅ ይቀዳል።

ከዚያማ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ያንን ድምፅ የሚያቆሽሽለት ፕላጊን፣ ማለትም ተጨማሪ ፕሮግራም፣ መፈለግ ይጀምራል።

«በጣም ንጹሕ ሆነብኝ» ይላል ሲጠየቅ። «ሕይወት የለውም። ትንሽ ሙቀት ያንሰዋል።» ዘፋኟ ሌሊቱን ሙሉ በብርድ ስትንቀጠቀጥ ያልታሰበው ሙቀት አሁን የአገር ጉዳይ ይሆናል።

ይህን ሙቀት ይሰጣሉ የሚባሉት ሳቹሬሽንና ዲስቶርሽን ናቸው። ሳቹሬሽን በጨዋ ደንብ የተበላሸ ድምፅ ነው፤ ዲስቶርሽን ደግሞ ጨዋነቱን እርግፍ አድርጎ የተወው። ሥራቸው የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። የድምፅ ሞገድ ከመሣሪያው አቅም በላይ ሲገፋ ጫፉ ይጠፈጠፋል፤ ጫፉ ሲጠፈጠፍ መጀመሪያ ያልነበሩ ተጨማሪ ድምፆች ይወለዳሉ። 100 ኸርዝ ያስገባ ሰው 300 እና 500 ተመርቆለት ይወጣል፤ ሞገዱ ከላይና ከታች እኩል ካልተጠፈጠፈ 200 እና 400ም ይከተላሉ። ቲዩቡም፣ ቴፑም፣ ትራንስፎርመሩም ይህንኑ በየመልካቸው ያደርጉ ነበር፤ የዛሬው ፕላጊን ደግሞ የእነሱን ድክመት በሒሳብ አስመስሎ ይሸጣል።

ድክመት ያልኩት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ሜምፊስ ውስጥ በሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ «ሮኬት 88» የተባለው ዘፈን ሲቀዳ የጊታሩ አምፕሊፋየር መንገድ ላይ ተጎድቶ ስለነበር ወረቀት ተጠቅጥቆበት ነው የተሠራው። ናሽቪል ውስጥ ተቀድቶ በ1961 በወጣው የማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ዎሪ» ላይ ደግሞ የግሬዲ ማርቲን ቤዝ ያለፈበት የሚክሰር ቻናል ተበላሽቶ ሶሎው እያጉረመረመ ተቀዳ። የስቱዲዮው መሐንዲስ ግሌን ስኖዲ ብልሽቱን አጥንቶ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ ጊታር ሠሪው ጊብሰን በ1962 ማኤስትሮ ፈዝ-ቶን ብሎ ለገበያ አቀረበው፤ በ1965 ጊታሪስቱ ኪዝ ሪቻርድስ በ«ሳቲስፋክሽን» ዘፈን ላይ ሲጠቀምበት ዓለም ሁሉ ፈለገው። መሐል ላይ በ1964 የኪንክስ ባንዱ ዴቭ ዴቪስ የአምፕሊፋየሩን ስፒከር በምላጭ ሸነታትሮ ነበር። እነዚህ ሰዎች አንዳቸውም የትኛው ምላጭ የተሻለ ሙቀት ይሰጣል እያሉ ሲያወዳድሩ አላደሩም። የተሰበረ ዕቃ ነበራቸው፣ ዘፈን ነበራቸው፣ ቀዱ።

እኛም ዘንድ ቢሆን የተበላሸ ድምፅ ብርቅ አልነበረም። በካሴት ዘመን ያደገ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ካሴት ሲገለበጥ ሲገለበጥ ሦስተኛው ቅጂ ላይ ሽሽ የሚለው ድምፅ ዘፋኙን ይበልጠዋል። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል። ቴፑ ካሴቱን ሲበላው በቢክ እስክሪብቶ እየተጠቀለለ ይታከማል፤ የዳነውም ቢሆን ያቺ የተጨማደደች ቦታ ላይ ሲደርስ ይዋኛል። ይህን ሁሉ ለማምለጥ ስንት ሰው «ኦሪጅናል» እያለ ከካሴት ቤት ካሴት ቤት ዞረ! ዛሬ አርሲ-20 የተባለው ፕላጊን ሽሽ ማለቱንም መዋኘቱንም በየራሳቸው ቁልፍ አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ የአይዞቶፑ ቫይናል ደግሞ አቧራ፣ ጭረትና የተጣመመ ሸክላ በነፃ ያድላል። የሸክላ ነጋዴ በጨርቅ እየወለወለ ሲሸጥ የኖረው አቧራ አሁን መጠኑ በቁጥር ይመረጣል።

በካሴት ዘመን ቤዝ ይጫወቱ የነበሩ አንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ በቅርቡ እንዲህ ያለ ስቱዲዮ ውስጥ ተጋብዘው ሲያዳምጡ አጠገባቸው ነበርኩ። ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸውን አጨማድደው ሰሙና ወደ አቀናባሪው ልጅ ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ ሄዱን በአልኮል ጥረገው።»

«ጋሼ፣ ሄድ የለውም እኮ። ፕላጊን ነው።»

«ታዲያ ማን አቆሸሸው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ከፍዬ።»

ልጁ ግን መልስ የሌለው አይደለም። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይሟሽ እንጀራ እንደማያወጣ ሁሉ ኮምፒውተር የቀዳው ድምፅም ሳይሟሽ ጆሮ ላይ አይቀመጥም ሲል አስረዳቸው። ጋሼም ምጣዱን የሚያሟሹት አንድ ቀን መሆኑን፣ እሱ ግን ከመስከረም ጀምሮ እያሟሸ አንድም እንጀራ እንዳላቀመሳቸው አስታወሱት። ልጁ ሳቀ፤ ቀጥሎም ሌላ ፕላጊን ከፈተ።

ምርጫውን ቁጭ ብሎ ላየ ሰው እውነትም መከራ ነው። የሳውንድቶይሱ ዲካፒቴተር አምስት ፊደላት ደርድሮ ይጠብቃል፦ ኤ፣ ኢ፣ ኤን፣ ቲ፣ ፒ። ኤ ከአምፔክስ 350፣ ኤን ከኒቭ 1057፣ ቲና ፒ ደግሞ ከልቸር ቫልቸር ከተባለው የቲዩብ መሣሪያ የተወለዱ ናቸው። አምፔክስን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ «አይ፣ ለክራር ኤን ይሻላል» ብሎ ሲፈርድ የሚሰማ ሰው ኒቭ የአጎቱ ስም ሊመስለው ይችላል። ከሥር ፐኒሽ የሚል ቁልፍ አለ፤ 20 ዴሲቤል የሚጨምር፣ ስሙ እንደሚለው ለመቅጣት የተሠራ። ይህን ቁልፍ ሳይነካ ያለፈ አቀናባሪ አላየሁም። ዘፋኟ ምን እንዳጠፋች ሳይነገራት ትቀጣለች። የፋብፊልተሩ ሳተርን በበኩሉ ድምፁን እስከ ስድስት ከፍሎ እያንዳንዱን በየራሱ መንገድ እንዲያበላሹት ይፈቅዳል፤ ይህ የብልሽት ፌዴራሊዝም ነው። የሶፍትዩብ ሳቹሬሽን ኖብ ደግሞ አንድ ትልቅ ቁልፍ ብቻ ያለው፣ ሥራውን በደንብ የሚሠራ፣ ነፃ ነገር ነው። ችግሩ ነፃ መሆኑ ላይ ነው። ዋጋ ያልተከፈለበት ነገር እንዴት ይሞቃል? የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራሞቹ ኤፍ.ኤል ስቱዲዮም ሆነ ኤብልተን አብረዋቸው የሚመጡ የራሳቸው ማበላሻዎች አሏቸው፤ እነሱንማ ማን ዞር ብሎ አይቷቸው።

ከጆሮ በፊት የሚመርጠው ዓይን መሆኑን ለማወቅ አንድ ምሽት ከኋላ ቆሞ ማየት ይበቃል። ፕላጊኑ ሲከፈት የብረት ሳጥን ሥዕል ይመጣል። ብሎኑ የተሳለ ነው፤ የተፋቀው ቀለም የተሳለ ነው፤ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ቢጫ መብራትም የተሳለ ነው። መርፌው ወደ ቀይ ሲዘልቅ አቀናባሪው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ፕላጊኑ ጠፍቶ ሳለ ቁልፉን እያዞረ «አሁን መጣ… አሁን መጣ…» ያልተባለበት ስቱዲዮ ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው አታላይ ጩኸት ነው። ብልሽቱን የሚጨምረው የድራይቭ ቁልፍ ወደ ቀኝ በዞረ ቁጥር ድምፁ ከመቆሸሹ ጋር ይጎላል። ጆሮ ደግሞ የጎላውን የተሻለ ብሎ ይፈርዳል። ድምፅ ከፍ ሲል ወፍራሙም ቀጭኑም ይበልጥ እንደሚሰማ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 አሳይተዋል፤ ዜናው እኛ ሰፈር ገና አልደረሰም። ስለዚህ ጓደኛ በሌሊት ተቀስቅሶ «የቱ ይሻላል፣ የመጀመሪያው ወይስ ሁለተኛው?» ሲባል ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ሁለተኛው ይጮኻላ! መውጫው ላይ ድምፁን ወደ ነበረበት ዝቅ አድርጎ፣ ዓይን ጨፍኖ ማወዳደር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በእኔ ግምት የማይሠራበት ምክንያት ይታወቃል፦ እንዲያ ከተወዳደሩ ከአሥሩ ስምንቱ አንድ ዓይነት ሆነው ይገኛሉ፤ የሚመረጥ ነገር ሲጠፋ ደግሞ ወደ ዘፈኑ መመለስ ሊመጣ ነው።

ሰው አይሳሳት፤ ሳቹሬሽን ከንቱ ነገር አይደለም። 50 ኸርዝ ላይ የሚያጉረመርም ቤዝ በሞንታርቦ ስፒከር ደረትን ይመታል፤ በስልክ ስፒከር ግን ፈጽሞ የለም። ትንሽ ሲቆሽሽ 100፣ 150፣ 200 እያሉ ወደ ላይ የሚሄዱ ድምፆች ይጨመሩለታል፤ ከፍ ያሉትን ትንሿ ስፒከር ታወጣቸዋለች፤ አእምሮም ከእነሱ ተነሥቶ የጠፋውን ወፍራም ድምፅ የሰማ ይመስለዋል። ዘፈኑ በስልክና በሚኒባስ ታክሲ በሚሰማበት አገር ይህ ትልቅ ውለታ ነው። መጠኑን ለመወሰን ግን የታክሲውንም ድርሻ መቁጠር ይገባል። አቀናባሪው ሳይጨምር የቀረውን ብልሽት የታክሲው ስፒከር በገዛ እጁ፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ ከነንዝረቱ ይጨምርለታል።

ሙቀት ፍለጋ ወደ ናሽቪል መሄድ ካላስፈለገም በገና አለ። ያ የሚያጉረመርመው ድምፁ ከጅማቱ ብቻ አይመጣም። በእያንዳንዱ አውታርና በድልድዩ መካከል እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ አውታሩ ሲርገበገብ የድልድዩን ጠርዝ እየነካ እንዲንዘረዘር። በገና ደርዳሪው የአሥሩን አውታር እንዝራ ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች እያደረገ ንዝረቱን ያስተካክላል። ሆን ተብሎ፣ በልክ፣ በጆሮ ብቻ የተበላሸ ድምፅ ነው፤ ያለ ሥዕል፣ ያለ መርፌ። በመቃኘት ላይ ያለ በገና ደርዳሪ አይቼ አውቃለሁ፤ እንዝራውን አስተካክሎ ሲጨርስ መደርደር ይጀምራል። አቀናባሪያችን ከዚህ በገና ጋር ተገናኝቶ ያደረገውን ልንገራችሁ፦ በጥንቃቄ ቀዳው፣ ንዝረቱን በኖይዝ ማጥፊያ አጸዳው፣ ከዚያ ዲካፒቴተር ጫነበት።

ዲጂታል ብልሽት የራሱ ጣጣ አለው። ቴፕ ከልኩ ያለፈውን ከፍተኛ ድምፅ ይውጠዋል፤ በ44.1 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ኮምፒውተር ግን ከ22.05 ኪሎኸርዝ በላይ የሚወለደውን ሁሉ አጥፎ ወደ ታች ይመልሰዋል። 5 ኪሎኸርዝ ላይ ያለ ድምፅ ሰባተኛ ልጁ 35 መሆን ሲገባው 9.1 ላይ ይወድቃል፤ ከዘፈኑ ቅኝት ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ዲቃላ። መድኃኒቱ ኦቨርሳምፕሊንግ፣ ማለትም ስሌቱን በብዙ እጥፍ ፍጥነት ማሠራት ነው። ቁልፉ ሲበራ ላፕቶፑ ይጨነቃል፣ ማቀዝቀዣው ያጓራል፤ ያን ጊዜ ዘፋኟ ማይክ ፊት ካለች የማቀዝቀዣው ጩኸት ከነሙቀቱ አብሮ ይቀዳል። ይህኛው ሙቀት እንኳ እውነተኛ ነው።

የፕላጊን ገበያው ወቅት ደግሞ አገጣጠሙ ይገርማል። ኅዳር 12 ቀን አገሬው ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የሚያያዘውን ልማድ ይዞ ቆሻሻውን ከየጓዳው ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ኅዳር ይታጠናል። ጭሱ ጠፍቶ ብዙም ሳይቆይ የፈረንጆቹ የቅናሽ ቀን ብላክ ፍራይዴይ ይገባል፤ አቀናባሪያችንም በቅናሽ ቆሻሻ መሰብሰብ ይጀምራል። ኢሜይሉ በሙሉ «የመጨረሻ ዕድል» ነው። የመጨረሻው ዕድል ሲያልቅ «የተራዘመ የመጨረሻ ዕድል» ይመጣል፤ እሱም እስከ ፈረንጆች ገና ይቆያል። በዶላር የሚከፍል ካርድ እጁ ላይ ስለሌለ ዋሽንግተን ለሚኖረው የአክስቱ ልጅ ይደውላል።

«ስማ፣ ዛሬ ሌሊት ያበቃል። ሰባ በመቶ ቅናሽ ነው።»

«ያበቃል ያልከኝ ባለፈው ሳምንት አልነበረም እንዴ?»

«ያ ሌላ ድርጅት ነው።»

«አምና የገዛሁልህስ?»

«እሱ እኮ ቴፕ ነው።»

«የአቻምናውስ?»

«ትራንስፎርመር።»

«ይሄኛውስ ምንድን ነው?»

«ይሄ ሁሉም በአንድ ላይ ያለበት ነው።»

«እንግዲያው ከርሞ አትደውልልኝም ማለት ነዋ!»

«ከርሞማ ሁለተኛው ቨርዥን ይወጣል እየተባለ ነው።»