ለትራምፔትህ የማይሆነውን ሚውት እንዴት ትመርጣለህ?

መጥፎ ሚውት ለመምረጥ ብዙ እውቀት አያስፈልግም፤ አንድ እምነት ይበቃል። ትራምፔቱ ሰፊ አፍ ላይ የሚገባው ሚውት ድምፅ መቀነሻ ነው ብለህ አጥብቀህ ያዝ፤ ሌላው ጥፋት ተከታትሎ ይመጣል። ከዚህ በታች የጻፍኩት አብዛኛው መደረግ የሌለበት ነው፤ ትክክለኛውን ከጎኑ አስቀምጣለሁ። በማበላሻው መንገድ መምከር የመረጥኩት ጎበዝ ነፊዎች ሳይቀሩ በዚሁ መንገድ ሲሄዱ ስለማይ ነው። ደግሞም ሚውት የገባበት ትራምፔት ከምወዳቸው ድምፆች አንዱ ስለሆነ በከንቱ ሲበላሽ ያመኛል።

እንግዲህ ጀምር። ኖታው ላይ «ኮን ሶርዲኖ» (በሚውት) የሚል ስታይ «ቀስ ብለህ ንፋ» እንደተባልክ ቁጠረው። በዚህ ብቻ ሪቻርድ ሽትራውስ እ.ኤ.አ. በ1897 በጨረሰው «ዶን ኪኾቴ» ውስጥ ያሉትን በጎች በሙሉ ትጨርሳቸዋለህ። እዚያ ሚውት የገባባቸው የነሐስ መሣሪያዎች ምላሳቸውን እያርገበገቡ የበግ መንጋ ይሆናሉ፤ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ይነክሳል፣ ጆሮ ላይ ይቀራል። ራቬል እ.ኤ.አ. በ1922 ለኦርኬስትራ ባዘጋጀው የሙሶርግስኪ «የሥዕል ኤግዚቢሽን» ውስጥም የአንድ ድሃ ሰው ልመና የተሰጠው ሚውት ለገባበት ትራምፔት ነው፤ እየተንቀጠቀጠ፣ እየተጣደፈ፣ አንዱን ድምፅ ደጋግሞ እየመታ ይለማመጣል። ደቡሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 በተጠናቀቁት «ኖክተርኖቹ» መካከል «ፌት» በተባለው ክፍል ሦስት ትራምፔቶችን በሚውት አስነፍቶ ከሩቅ የሚመጣ ሰልፍ ሠርቷል። እዚያ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ግን ለስላሳ መሆኑ ብቻ ቢፈለግ ኖሮ ጎበዝ ነፊ ያለ ሚውትም ይችለዋል። ደቡሲ የፈለገው ርቀቱን ነው፤ እሱን ያለ ሚውት አታገኘውም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ስትሬት ሚውት የሚባለው ሾጣጣው ዓይነት ወፍራሙንና ዝቅ ያለውን የድምፅ ክፍል ያስቀርና ቀጭኑንና ስለታሙን ያሳልፋል። የትራምፔቱን ጠባይ ይለውጠዋል ማለት ነው። ስለዚህ ሚውት ስትገዛ ለመሣሪያህ ሁለተኛ ድምፅ እየገዛህ ነው። ይህን ከረሳህ ርካሹንም ውዱንም ብትገዛ ልዩነት የለውም፤ የፈለግከውን ሳታውቅ ገዝተሃልና።

አሁን ወደ ሱቅ እንሂድ። ብቻህን ሂድ። የሚያብረቀርቀውን አንሳ፣ አንድ የለመድከውን ዜማ በመካከለኛ ድምፅ ንፋ፣ ደስ ካለህ ክፈልና ውጣ። ከማበላሻዎቹ ሁሉ አስተማማኙ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ትራምፔት ነፊ የገዛ ድምፁን ከኋላ ነው የሚሰማው። ጆሮህ ያለው ከአፍ መንፊያው በኩል ነው፣ ድምፁ የሚወጣው በቤሉ፣ ማለትም በሰፊው አፍ በኩል ወደ ፊት ነው። ሚውት የሚሠራው ሥራ በሙሉ ደግሞ እዚያ ቤሉ ላይ ነው። አንተ ዘንድ ጣፋጭ የመሰለው ድምፅ አሥር እርምጃ ርቆ ለቆመ ሰው የታፈነ ሊሆን ይችላል። አንተ ሲጢጥ አለብኝ ያልከው ደግሞ አዳራሹ መጨረሻ ድረስ ጠርቶ ይደርስ ይሆናል። ጓደኛህን ይዘህ ብትሄድ፣ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶህ ቢቆም፣ የትኛውን እየሞከርክ እንደሆነ ሳትነግረው ሦስት አራቱን ብታስነካለት፣ ምርጫው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ጓደኛ ካጣህ ስልክህን አዳራሹ ጫፍ አስቀምጠህ ቅዳው።

መካከለኛ ድምፅ ላይ ብቻ መሞከርም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ እዚያ አካባቢ ሁሉም ሚውት ደህና ነው። ልዩነቱ የሚገለጠው በጣም ስታሳንሰውና በጣም ስትነፋው ነው። በተለይ ዝቅ ያሉትን ኖታዎች ሞክር፤ ሚውቱ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ የራሱ ንዝረት ስላለው እዚያ ታች ኖታው ከከንፈርህ ሥር የሚንሸራተትበት ሚውት አለ። ሱቅ ውስጥ ያልሞከርከውን መድረክ ላይ ታገኘዋለህ። ከተሠራበት ነገር የሚመጣውንም ልዩነት ናቀው፤ አሉሚኒየም ብሩህና ስል መሆኑን፣ የመዳብ ክፍል ያለው ጠቆር ማለቱን፣ እንደ ሂዩምስ ኤንድ በርግ ቀይና ነጭ ሚውቶች በካርቶን መሰል ፋይበር የተሠራው ደግሞ ቀለል ብሎ መለስለሱን እርሳ።

ጎንህ የተቀመጠውን ነፊም አታማክር። ባርቶክ እ.ኤ.አ. በ1943 በጻፈው «ኮንቼርቶ ለኦርኬስትራ» ሁለተኛ ክፍል ላይ መሣሪያዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገባሉ። ተራው ትራምፔቶቹ ጋ ሲደርስ ሁለቱም ሚውት አስገብተው፣ በአንድ ሙሉ ድምፅ ብቻ ተራርቀው፣ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዱ የአሉሚኒየም፣ ሌላው የፋይበር ሚውት ከያዘ ያ የተቀራረበ ጥንድ ይፈርሳል፤ ሰሚው አንዱን ብቻ ይሰማል። የኦርኬስትራ ነፊዎች ተነጋግረው አንድ ዓይነት ሚውት የሚይዙት ለዚህ ነው። በሆቴል ባንድም ሆነ በፖሊስ ኦርኬስትራ ሦስት ትራምፔት አብሮ እስከነፋ ድረስ ነገሩ ያው ነው።

ቡሹ ላይ የሚሠራው ጥፋት ደግሞ በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ወደ ኋላ አይመለስም። አዲስ ስትሬት ሚውት ሦስት የቡሽ ቁራጮች ተለጥፈውበት ይመጣል። ቁራጮቹ መጀመሪያ ወፍራም ናቸው፤ ሆን ተብሎ ነው፣ የእያንዳንዱ ትራምፔት ቤል ስለሚለያይ ባለቤቱ በልኩ እንዲያሳንሳቸው። አንተ ግን ከሁለት አንዱን አድርግ። ወይ እንዳለ ተወው፣ ሚውቱ ከቤሉ ወጣ ብሎ ይንጠልጠልና በፀጥታው መካከል ወለሉ ላይ ይውደቅ። ወይ ደግሞ በቢላ ቆርጠህ ጣለውና ሚውቱ ዘልቆ ይግባ። ዘልቆ የገባ ስትሬት ሚውት አየር መውጫውን ያጠባል፣ ድምፁን ያፍናል፣ ቅኝቱን ይበልጥ ሻርፕ፣ ማለትም ከልኩ ከፍ ያለ፣ ያደርገዋል። ትክክለኛው ሥራ አሰልቺ ቢሆንም ቀላል ነው፦ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ሦስቱንም እኩል በትንሽ በትንሹ መፈግፈግ፣ በየመሃሉ አስገብቶ መንፋት፣ ቅኝቱንና ድምፁን መስማት፣ እንደገና መፈግፈግ። የተላቀቀ ቡሽ በማስቲሽ ይመለሳል፤ በዝቶ የተፈገፈገ ቡሽ ግን ተነሥቶ በአዲስ ከመተካት ሌላ መድኃኒት የለውም። ስታስገባም በደረቁ አትሰንቅረው፤ ቡሹ ላይ በአፍህ እፍ ብለህ ትንሽ አርጥበውና አስገብተህ ጥቂት ጠምዘዝ አድርገው፤ ያን ጊዜ ይይዛል።

ቅኝቱን ካነሳን አይቀር፣ ከማስተካከያው ጋር አትድከም። ስትሬትና ሃርሞን ሚውት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሻርፕ ይወስዱሃል፤ ጫፉ ላይ ጽዋ ያለው ካፕ ሚውት ብዙ ጊዜ ወደ ፍላት፣ ማለትም ከልኩ ዝቅ። የመቃኛውን ቱቦ ትንሽ ስበህ፣ ሚውቱን ስታወጣ መመለስ ነበረብህ፤ አንተ ግን ከንፈርህ ያስተካክለው በልና ለሃምሳ ሜዠር ተንገላታ። ይህ ጉዳይ ዛሬ የተነሣ አይደለም። ሞንቴቬርዲ እ.ኤ.አ. በ1607 «ኦርፌዎ»ን ሲጽፍ የመክፈቻው ቶካታ በሚውት ትራምፔት የሚነፋ ከሆነ ሌላው ሁሉ አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንዲጫወት ኖታው ላይ አስፍሯል፤ የዘመኑ ሚውት ትራምፔቱን ያን ያህል ከፍ ያደርገው ነበርና። ፍሬንች ሆርን ነፊዎችም ቤሉን በእጃቸው ሲደፍኑ በኤፍ ቱቦው ላይ ግማሽ ድምፅ ከፍ ስለሚል ጣታቸውን ለውጠው ዝቅ አድርገው ይነፋሉ። አራት መቶ ዓመት ሙሉ ሰው የተጠነቀቀበትን ነገር በአንድ ምሽት መናቅ ትችላለህ።

ሃርሞን ሚውትን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ማይልስ ዴቪስን ስማና ማይክህን እርሳ። ሃርሞን ዙሪያውን ሙሉ ቡሽ ስላለው አየር በጎን አያስወጣም፤ ትንፋሽህ በሙሉ በሚውቱ ውስጥ ያልፋል። መሃሉ ላይ የምትነቀል ቱቦ አለችው። ቱቦዋ ስትኖር አፏን በእጅህ እየከደንክና እየገለጥክ ዋ-ዋ ታሰኘዋለህ። ማይልስ ቱቦዋን አውጥቶ ነው የነፋው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣውን «ራውንድ አባውት ሚድናይት» የከፈተ ሰው ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ ቀጭን፣ ቅርብ፣ ብቸኛ። ያ ቅርበት የተገኘው ግን ቤሉ ማይኩን ሊነካ እስኪደርስ በመጠጋቱ ነው። ሃርሞን በራሱ ድምፁ እጅግ አነስተኛ ነው። ትልቅ የሰርግ አዳራሽ ውስጥ፣ ከበሮና ቤዝ ጊታር ከኋላህ እየመታ፣ ከማይኩ ሁለት ክንድ ርቀህ ብትቆም ጉንጭህ ሲነፋ ይታያል እንጂ የሚሰማህ አይኖርም። ከሳውንድማኑ ጋር አስቀድመህ አለመነጋገር፣ በልምምድ ሰዓት በሚውት አለመሞከር፣ ይህን ጥፋት የተሟላ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ላስቲኩ ደረስን፤ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። የታፈነ ሲንክ የሚከፈትበት፣ የእንጨት እጀታ ያለው የላስቲክ ጽዋ በየቧንቧ ዕቃ መሸጫው አለ። እጀታው ሲነቀል ከሚውቶች ሁሉ በጣም እንደ ሰው የሚናገረው እሱ ነው። ይህን ለማበላሸት በመጀመሪያ ናቀው፤ የሙዚቃ ሱቅ ስላልሸጠው ሚውት አይደለም በል። ቀጥለህ መጠኑን አሳስት፤ ለሲንክ የሚሆነው ትንሹ ለትራምፔት፣ ለሽንት ቤት የሚሆነው ትልቁ ለትሮምቦን መሆኑን ገልብጠው። (ያልተሠራበት አዲስ ግዛ ማለት ያለብኝ አይመስለኝም።) በመጨረሻም ዝም ብለህ ክፈት ዝጋ፣ ክፈት ዝጋ በል፤ ለእያንዳንዱ ኖታ የሚስማማውን መክፈቻ አትፈልግ።

በዱክ ኤሊንግተን ባንድ ውስጥ በበር ማይሊ በትራምፔት፣ «ትሪኪ ሳም» ናንተን በትሮምቦን ይህን ላስቲክ ቋንቋ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1927 የተቀዳውን «ብላክ ኤንድ ታን ፋንታሲ» ስማ። ማይሊ ከጉሮሮው እያጉረመረመ ይነፋል፣ በግራ እጁ ላስቲኩን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፁ ያለቅሳል፣ ይቆጣል፣ ይከራከራል። ናንተን ከላስቲኩ በስተጀርባ ትንሽ ስትሬት ሚውትም ቤሉ ውስጥ ያስገባ ነበር፤ ያ ተደራቢ ሚውት ነው አናባቢ የመሰለውን ድምፅ የሚሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1929 ማይሊ ሲወጣ ኩቲ ዊሊያምስ ተተካ፣ ላስቲኩንም ከወንበሩ ጋር ወረሰ። ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1940 «ኮንቼርቶ ፎር ኩቲ»ን የጻፈው ለዚያ ሰው እጅና ለዚያ ሰው ድምፅ ነው። ይኸው ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጥቷል፤ ከአፄ ኃይለ ሥላሴም ኒሻን ተቀብሏል። የትራምፔት ትምህርት የሚማር ወጣት ይህን ታሪክ ሳያውቅ ላስቲኩን ለቀልድ ብቻ ሲያነሣ ሳይ አዝናለሁ። ግራ እጅህ በዚህ ሥራ ላይ እንደ ምላስ ነው፤ ከምላስህ እኩል ልምምድ ይፈልጋል። በመስተዋት ፊት ቁም፣ አንዱን ኖታ ያዝ፣ ላስቲኩን በጥቂቱ እየከፈትክ የትኛው ላይ «ዋ» የትኛው ላይ «ኡ» እንደሚል ፈልግ።

ካፕ ሚውትን ለማበላሸት ጽዋውን ቤሉ ላይ ማጣበቅ ይበቃል፤ በመካከላቸው ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ከሌለ ድምፁ ይሞታል። ጥጥ የተሞላው ባኬት ሚውት ደግሞ ለትሮምቦኖች ጓድ የሐር ድምፅ ነው፤ እሱን ለማበላሸት ስል ድምፅ በሚፈለግበት ቦታ ላይ መጠቀም ይበቃል።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው የሚሆን ልዩ ጥፋትም አለ፤ ጎረቤትን ላለማስቀየም የተገዛውን የልምምድ ሚውት ቀን ከሌት ከትራምፔቱ አለማውጣት። የልምምድ ሚውት አየሩን በጥቃቅን ቀዳዳዎች ብቻ ስለሚያስወጣ ትንፋሽህን መልሶ ይገፋዋል፤ ብዙውን ጊዜም ሻርፕ ነው። በእሱ ብቻ ስድስት ወር የለመደ ሰው ሚውቱን ሲያወጣ ትራምፔቱ ባዕድ ይሆንበታል፤ ትንፋሹ ግፊቱን ይፈልጋል፣ ጆሮው የተሳሳተውን ቅኝት ለምዷል። ጎረቤትን ማክበር ደግ ነው፤ ሌሊት በሚውት ጣት ማፍታታት ይቻላል። ግን በሳምንት ጥቂት ጊዜ ክፍት ቦታ ፈልግ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባዶ ክፍል፣ የሰፈር ሜዳ፣ የቤተሰብ ግቢ፣ የትም ቢሆን ትራምፔቱ ሙሉ ድምፁን የሚያወጣበት።

የመጨረሻው ጥፋት የሚገኘው ኖታው ላይ ነው። የዕረፍቱን ርዝመት አትቁጠር። ሚውት ለማስገባት ሁለት ምት ብቻ የተሰጠህ ቦታ ላይ ሚውቱን ከወንበሩ ሥር፣ ቦርሳ ውስጥ፣ ዚፑ ተዘግቶ አስቀምጠው። ጎበዝ ነፊ ግን አስቀድሞ ኖታውን አገላብጦ የሚውት መግቢያና መውጫውን በእርሳስ ያከብበዋል፣ መቆሚያው ላይ ማንጠልጠያ ያደርጋል ወይም ጭኑ መሃል ይይዘዋል፣ ከወለሉ ላይ ማንሣት ካለበትም ከሥሩ ጨርቅ ያነጥፋል፤ የአሉሚኒየም ሚውት ሊሾ ላይ ሲወድቅ አዳራሹን ያስደነግጣል፣ ራሱም ይጎደጉዳል። በሁለት ምት የማይገባ ሚውት ካጋጠመህ ከመድረኩ በፊት፣ በልምምድ ጊዜ፣ ለመሪው ንገረው። ብዙ ጊዜ ከጎንህ ያለው ነፊ አንድ ሜዠር ይሸፍንልሃል።