የሰርቪስ ቤቱ መስክ

ሱሉልታ ተቀምጦ ሣር አጣሁ ያለ ሰው ካለ የባለቤቴ ወንድም ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ያለ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ በመንገዱ ግራና ቀኝ የድርቆሽ ክምር የሚታይበት አገር ነው። የአዲስ አበባ ላም ስንት ዘመን ከዚያ ሲጫንላት ኖራለች። እሱ ግን እዚያው ሜዳ ዳር፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ፣ ሣር በመደርደሪያ ላይ ካላበቀልኩ ብሎ ተነሣ።

ቤተሰቡ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። ምሕንድስና አልተማረም። ግን የተበላሸ ነገር ካየ ይፈታል፤ ያልተበላሸ ካየም ይፈታል።

ሆኖም እብድ ነው ብሎ መተው አይቻልም። ሜዳው አለ ይባላል እንጂ የለም። ገሚሱ ታጥሯል፣ ገሚሱ መጋዘን ሆኗል፣ የቀረው ሣር ደግሞ ገና በእግሩ ቆሞ ሳለ ተሽጦ ያልቃል። ድርቆሽ በእስር እየተቆጠረ የሚገዛበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ፉርሽካው ከዱቄት ፋብሪካ ደጃፍ ወረፋ ይጠይቃል። የኑግ ፋጉሎ ዋጋማ ከዘይቱ ጋር እየተፎካከረ ነው። ላም ያለው ሰው ሁሉ ሲገናኝ የሚያወራው ስለ መኖ ነው፤ ስለ ወተት የሚያወራው ላም የሌለው ብቻ ነው። እንግዲህ እንዲህ ላለ ሰው አንድ ቀን በስልኩ ላይ፣ አረንጓዴ ምንጣፍ ከትሪ ላይ እየተጠቀለለ ለላም ሲቀርብ የሚያሳይ ቪዲዮ ቢመጣለት ምን ያድርግ?

ቀጥሎ ሥልጠና ሄደ። ሻይና ብስኩት ያለበት፣ በፕሮጀክተር የሚሰጥ፣ መጨረሻው ላይ የምስክር ወረቀት የሚታደልበት ሥልጠና ነው። ከዚያ ይዞት የመጣው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ እየደጋገመ አደነቆረን። «ጋሼ፣ 1 ኪሎ ገብስ 7 ኪሎ ሣር ይሆናል! በ7 ቀን! ያለ አፈር!» እኔም በዚህ ዕድሜዬ ሰባት እጥፍ የሚሆን ነገር ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩምና መዋጮ አወጣሁ።

ቦታው ሰርቪስ ቤቱ እንዲሆን ተወሰነ። ሰርቪስ ቤቱ ደግሞ የአማቴ፣ የእማማ ግዛት ነው፤ በርበሬው፣ ጌሾው፣ ጋኑ፣ እንስራው፣ የማኅበሩ ጠላ ሁሉ እዚያ ነው የሚኖረው። ኢንጂነሩ የባሕር ዛፍ ቋሚ አቁሞ፣ ጣውላ አጋድሞ፣ ታቹን በምስማር የበሳሳቸውን የፕላስቲክ ትሪዎች ሲደረድር እማማ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

«ምን ልታደርግ ነው ልጄ?»

«ገብስ ላበቅል ነው እማዬ።»

«ብቅል ነዋ!»

«አይ፣ ብቅል አይደለም። ሃይድሮፖኒክ ነው።»

እማማ መልስ አልሰጡም። ገብስ ዘፍዝፈው፣ አጥልለው፣ በኮባ ቅጠል ሸፍነው፣ ድንጋይ ጭነው ሲያበቅሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ስንት ሠርግና ስንት ተዝካር የወጣው በእሳቸው ብቅል ነው። ጋኑን ብቻ ወደ ጥግ አስጠጉና ሄዱ።

ገብሱ የተገዛው እህል በረንዳ ነው። ነጋዴው ኢንጂነሩን «ለበሶ ነው ለቆሎ?» ብሎ ሲጠይቀው «ለላም» አለው። ነጋዴው ከዚህ በላይ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ሰው ለላሙ ይህን ያህል ከተጨነቀ ምርጡ ይሰጠው ብሎ ይመስለኛል፣ ንጹሕ፣ ነጭ፣ የተፈተገ ገብስ መዘነለት። የተፈተገ ገብስ ለሾርባ እንጂ ለቡቃያ አይሆንም። ከገለባው ጋር ሲታሽና ሲወቀጥ የሚበቅልበት ጫፉ ተልጦ ይወጣል፤ የቀረው ስታርች ብቻ ነው። ውሃ ጠጣ፣ አበጠ፣ ኮመጠጠ፣ ሰርቪስ ቤቱን ከነበርበሬው አገማው። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘር ደግሞ ቀይ ቀለም የተነከረ ነበር፤ ሻጋታና ተባይ እንዳይነካው መድኃኒት የተቀባ፣ ለማሳ ብቻ የሚሆን። እማማ «ይህን ለላም ብትሰጥ ሥጋዋንም ወተቷንም እኔ ቤት እንዳታስገባ» ብለው ከለከሉ። ልክ ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ዘር ለሰውም ለከብትም መርዝ ነው።

በስተመጨረሻ ከአንድ ገበሬ ጎተራ ገለባው ያልተነካ፣ ነቀዝ ያልደፈረው ገብስ ተገኘ። ደንቡ ቀላል ነው። ታጥቦ፣ በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ ተለቃልቆ፣ አንድ ቀን ያህል ተዘፍዝፎ ይጠልላል፤ ከዚያ በትሪው ላይ ሳስቶ ተዘርግቶ ጠዋትና ማታ፣ ቢቻል ከዚያም በላይ፣ ውሃ ይረጫል። ማዳበሪያ የለው፣ ምን የለው። ፍሬው ስንቁን ይዞ ነው የሚነሣው።

ደንቡን ያወጡት ሰዎች ግን የሱሉልታን ታኅሣሥ አያውቁትም። አገሩ ከ2500 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ገብስ ደግሞ በዚህ መልክ ሲበቅል ሞቅ ያለ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ያለ ቤት ይወዳል። ቡቃያው ሥሩን አወጣና በረደው መሰለኝ፣ ቆመ። ሰባት ቀን የተባለው አለቀ፤ ሣሩ ገና ከጥፍር አልበለጠም። ኢንጂነሩ መስኮቱን በላስቲክ ወጠረው፣ በሩን በብርድ ልብስ ጋረደው፣ መሐል ላይ የከሰል ማንደጃ አስገባ። (እማማ በዚህ ጊዜ ጮኹ። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ መግባት ቤተሰብ የሚጨርስ ነገር ነው፤ ማንደጃውን በእጃቸው አንሥተው አወጡት።) ከዚያ የፈላ ውሃ በባልዲ እያስገባ ያሞቀው ጀመር። ቤቱ ሞቀ። እርጥበቱ ግን መውጫ አጣ። በዚህ ላይ ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሮቶው ሲያልቅ የአንድ ትሪ ዝቃጭ ለሌላው ትሪ ይረጫል። ሻጋታ ከዚህ የተሻለ ሠርግ ተጠርቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ነጭ፣ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ታየ። ኢንጂነሩ «ሥር ነው» አለ። እርግጥ የገብስ ሥርም ነጭና ጭገራም ነው፤ ባለሙያም ይሳሳትበታል። በማግስቱ ግን ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ሲያደላ ጭቅጭቁ አበቃ። ይህ ቀልድ አይደለም። በበቀለ እህል ላይ የሚወጣ አስፐርጊለስ ክላቫተስ የሚባል ሻጋታ አለ፤ እሱን የበሉ ከብቶች በተለያዩ አገሮች እየተንቀጠቀጡ፣ እግራቸው እየከዳቸው ወድቀዋል፤ ሞተዋልም። የላም ሆድ ሁሉን ይፈጫል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩ ጥሩ ነው። ያን ሁሉ ትሪ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው።

ጥር ተጋምሶ ብርዱ ሲላላ፣ ላስቲኩ ተነሥቶ አየር ሲገባ፣ ነገሩ ተሳካ። መቼም ያየሁትን አልክድም፣ ያምራል። ሥሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ እንደ ሰሌን ይጠቀለላል፤ ላዩ ደግሞ የመስከረም መስክ ነው። ሰፈሩ መጥቶ አየ፣ ፎቶ ተነሣ። ላማችን ቡሬ ግን ለፎቶ የሚሆን ባሕርይ የላትም። አሸተተችው፣ አንዱን ጫፍ ነክሳ ሳበች፣ ሙሉው ተነሥቶ ጭንቅላቷ ላይ ወደቀ፣ ደንግጣ ገመዷን በጠሰች፣ ግቢውን አረንጓዴ ሻሽ አሥራ ዞረች። በኋላ ስትለምደው ግን ከነሥሩ፣ ካልበቀለው ፍሬ ጋር ጥርግ አድርጋ በላችው።

ኢንጂነሩ ይህን ሲያይ ልቡ ተነፋ። ፉርሽካ ቀነሰ። ሰነበተና ፋጉሎውንም ተወው።

እዚህ ላይ ሁዳዴ ገባ። ሁዳዴ ለወተት ሰው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ላም አትጾምም፤ ደንበኛ ግን ይጾማል። 55 ቀን ወተቱን ማን ይውሰደው? ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ ወተት ቢቀንስ እሰየው ነው እንጂ ማን ይለካዋል። ስለዚህ የቡሬ ወተት እየቀነሰ ሲሄድ አንዳችንም ልብ አላልንም። ልብ ያሉት ሽማግሌው አላቢያችን ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ካልተጠየቁ አይናገሩም። ፋሲካ ሲደርስ፣ ደንበኛው ሁሉ ጆጉን ይዞ በር ሲያንኳኳ፣ ለግማሹ እንኳ የሚደርስ አልነበረም።

«አባባ፣ ምን ሆነች?» አልናቸው።

«ጠግባለች» አሉ። «ግን አልበላችም።»

ያን ማታ ወረቀት አወጣሁ። 400 ኪሎ የምትመዝን የምትታለብ ላም በቀን 12 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፤ ደረቅ ሲባል በውስጡ ያለው ውሃ ሁሉ ቢወጣ የሚቀረው ነው። ከ1 ኪሎ ገብስ ውሃው ሲወጣ 900 ግራም ገደማ ይቀራል። ከዚያው ገብስ የወጣው 7 ኪሎ ለምለም ሣር ደግሞ ከመቶው 12 እጅ ያህሉ ብቻ ነው ደረቁ፤ አስሉት፣ 840 ግራም። ሰባት እጥፍ የሆነው ገብሱ ሳይሆን የሮቶው ውሃ ነበር። ላሟን በዚህ ብቻ እናብላ ብንል በየቀኑ 100 ኪሎ ሣር፣ ለእሱም 14 ኪሎ ገብስ ያስፈልጋል። የጎደለው 60 ግራምስ? ቡቃያው ራሱ በልቶታል። ቅጠል ለማውጣት በፍሬው ያለውን ስታርች ያቃጥላል፤ በሳምንት ዕድሜ፣ ያውም ጣሪያ ሥር፣ ከብርሃን የሚያገኘው ያወጣውን አይተካለትም። አያያዙ ከተበላሸ ኪሳራው ከዚህም ይብሳል። በሥልጠናው ወረቀት ላይ «ፕሮቲኑ ይጨምራል» የሚል አለ፤ እሱም ቢሆን ሌላው ስለጎደለ ድርሻው ከፍ ብሎ ታየ እንጂ ከውሃ ፕሮቲን አይቀዳም። በእርግጥ የሚጨምረው ቫይታሚኑ ነው።

ሒሳቡን ጮክ ብዬ ሳነብ እማማ ጌሾ እየለቀሙ ነበር።

«ይህን ለማወቅ ነው እስክሪብቶ የጨረስከው? ብቅል ልክ ሲጎነቁል ነው ፀሐይ ላይ የሚሰጣው። ዝም ካሉት ጸጉር ያወጣና ጉልበቱ ያልቃል፤ ጠላው ውሃ ውሃ ይላል።»

የአሰላ ብቅል ፋብሪካም ቡቃያውን በሙቅ አየር የሚያደርቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፍሬው ስንቁን ሳይጨርስ ለማስቆም። ነገሩ ለፈረንጅም አዲስ አይደለም። ኢዛቤላ ሌይች የምትባል ተመራማሪ ከብትን በበቀለ እህል ስለመመገብ የተደረጉትን ሙከራዎች ሰብስባ የመረመረችው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ቪዲዮው ግን ዛሬ የተፈለሰፈ አስመስሎት ቁጭ አለ።

እንዲያም ሆኖ ነገሩን ጠቅልሎ ማጣጣል ልክ አይመስለኝም። በአልጄሪያ በረሃ፣ ቲንዱፍ አጠገብ ባሉት የሰሃራዊ ስደተኞች ሰፈሮች፣ ታሌብ ብራሂም የተባለ የግብርና ባለሙያ ከዓለም ምግብ ፕሮግራም ጋር ሆኖ በዚህ ዘዴ ለፍየሎች ገብስ ሲያበቅል ኖሯል። እዚያ ሣር የለም፤ ፍየሉ የሚለቅመው ቆሻሻና ፌስታል ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ፍየል አንድ እፍኝ አረንጓዴ ነገር ትልቅ ነገር ነው። ኢንጂነሩ የተነሣው ግን በሱሉልታ፣ ያውም ፋጉሎን ሊያስቀር ነው።

ፉርሽካውና ፋጉሎው ተመለሱ፤ የቡሬም ወተት ቀስ በቀስ ተመለሰ። ከመደርደሪያው ግማሹን እማማ ወረሱት። ገብሱ ልክ ሲጎነቁል ያነሡታል፤ የግንቦት ልደታ ጠላም የተጠመቀው በእሱ ነው፣ ማኅበርተኛው ሁሉ አመስግኖ ጠጥቷል። የቀረው ግማሽ ደግሞ ሳይታሰብ ለዶሮዎቹ ሆነ። አሥር የማይሞሉ የፈረንጅ ዶሮዎች አሉን፣ ሙሉ ቀን በሽቦ ውስጥ የሚውሉ። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትንሽ ቢወረወርላቸው ተሻምተው ይበሉት ጀመር፤ ብዙም ሳይቆይ ያ የገረጣው አስኳላቸው ብርቱካን መሰለ። አረንጓዴ ቅጠል የበላች ዶሮ አስኳሏ ይቀላል፤ የሐበሻ ዶሮም ምሥጢሯ ይኸው ነው፣ ስትጭር ውላ ቅጠል ትለቅማለች።

ባለፈው ሳምንት እንቁላል የምትገዛን ጎረቤት ትሪውን ይዛ ተመልሳ መጣች። ኢንጂነሩ ልትጣላ የመጣች መስሎት ቀድሞ ብድግ አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «የሐበሻ እንቁላል እየሰጠኸኝ በፈረንጅ ዋጋ ታስከፍለኛለህ? እኔ የሰው ሐቅ አልፈልግም።»

«ኧረ እትዬ፣ እነሱ የሚበሉት ገብስ ነው» አለ።

«አላልኩም? የፈረንጅ ዶሮ ገብስ የት ታውቃለች!» ልዩነቱን ቆጥራ መዳፉ ላይ አኖረችለትና አንዱን እንቁላል አንሥታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ትልቀቱ ነው እንጂ የሚገርመኝ። ይህን የሚያህል የሐበሻ እንቁላል አይቼ አላውቅም።»

ኢንጂነሩ እኔን አየ፣ እማማን አየ፣ ብሩን አየ።

«አየሩ ነው እትዬ» አለ። «ሱሉልታ ይስማማቸዋል።»