ጾመኛው ማኅሌታይ

በገና ሰሞን የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሊሳለም የሄደ እንግዳ፥ በአንዲት አነስተኛ ማረፊያ አልጋ ተከራይቶ ጎኑን ገና ሳያሳርፍ፥ ከመስኮቱ ሥር ያደረው አውራ ዶሮ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክንፉን አማትቶ ማኅሌቱን ሲጀምር፥ የሰፈሩም ውሾች እንደ መዘምራን ግራና ቀኝ ሆነው ሲቀበሉት ያነጋና፥ ዓይኑ ደም እንደ ለበሰ ወደ ባለቤቲቱ ቀርቦ አቤት ይላል።

እሜቴም ነጠላቸውን አስተካክለው፥ «ጌታዬ፥ ዛሬ ባሳርደው ማን ይበላልኛል?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ጾመ ነቢያት ነውና፥ ገበያው በሚደራበት በዚሁ ወራት የዶሮው ያለመከሰስ መብት የተጠበቀ ነው።

ጆንያ ጣል ቢያደርጉበትስ? የጃፓን ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጹት፥ ዶሮ የንጋትን ሰዓት የሚያውቀው ብርሃን በማየት ብቻ ሳይሆን በገላው ውስጥ ባለው የተፈጥሮ ሰዓት ጭምር ስለሆነ፥ ቅዱስ ጴጥሮስን ያስለቀሰ ፍጡር በጆንያ ይታገሣል ማለት የዋህነት ነው። ጣሪያው ዝቅ ባለ ሣጥን ውስጥ ቢያሳድሩት ግን አንገቱን ቀና አድርጎ መጮኽ ስለሚያዳግተው ድምፁ ይቀንሳል። እሜቴ የሣጥኑን ዋጋ ሲሰሙ ግን፥ «የማለዳ ቀስቃሽስ በነፃ ከየት ይገኛል?» ብለው ነገሩን ይዘጉታል።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ጸጥታ የምትሻ ከሆነ ጉዞህን ከልደት በኋላ አድርግ፤ ያን ጊዜ የዶሮው ጣዕም እንጂ ድምፁ አይገኝም።