የፈረንጅ ሽመል

መርሳ ውስጥ ዱላ የያዘ ሰው ሳይገመገም አያልፍም። ከአጎቴ የወረስኩትን አሮጌ የፈረንጅ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዤ ብቅ ስል ታዲያ ዋጋ ገማች ፍለጋ አልዞርኩም፤ ገማቾቹ ከየበረንዳው ወጡ። ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት።

«ሽመል ነው?»

«ቀርከሃ ነው አባባ።»

«ምነው ታዲያ ከሳ?»

የእኛ የቆላ ሽመል ውስጡ ድፍን ነው። ይሄኛው ግን ከደቡብ ቻይና የሚመጣ ቶንኪን የሚባል ቀርከሃ ተሰንጥቆ፣ ስንጣሪው ሦስት ማዕዘን እስኪይዝ ተልጎ፣ ስድስቱ በሙጫ ተጣብቀው የተሠራ መሆኑን አስረዳሁ።

«ደህናውን ሰንጥቆ መልሶ ማጣበቅ! ሥራ ቢፈታ ነው» አሉና ፈረዱ፦ «በዚህ ቢመቱት ዝንብም አይሞት።»

እንግሊዝ አገር ቢሆን ገማቹ ሌላ ነገር ይጠይቃል። እንደ ሃርዲ ያለ የታወቀ ሠሪ ማህተም አለበት? ጫፉ አልተሰበረም? የራሱ የጨርቅ ከረጢት የታለ? የእኔው ማህተሙ ጠፍቷል። ጫፉ ስንዝር ያህል ጎድሏል፤ የአጎቴ ልጆች ማንጎ ሲያወርዱበት ነው ያደጉት። ከረጢቱን አክስቴ ቆርጣ የቡና መያዣ አድርጋዋለች። በዚያ ላይ ሰብሳቢዎች ያለ ወጉ የታደሰ ዘንግ ዋጋው ይወርዳል ይላሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ያልታደሰ ዕቃ ባለቤቱን ያሳማል።

ከሁሉም የከፋው መጥመሙ ነበር። «አብሽር!» አሉ ሽማግሌው። «እሳት ይየው፣ ቅቤ ይጠጣ፣ ከዚያ ጭስ ላይ ይሰቀል።» ቅቤውንና ጭሱን በስንት ልመና አስቀረሁ። እሳቱ ላይ ግን ከእንግሊዞቹ ጋር አንድ ናቸው፤ የጠመመ የቀርከሃ ዘንግ የሚቃናው በለሰስ ያለ ሙቀት ነው፤ ከበዛ ሙጫው ይለቃል። እናም ከቡናው ምድጃ ራቅ አድርገን እያሽከረከርን፣ በአቦል ሞቀ፣ በቶና ተቃና፣ በበረካ ተመረቀ። የላሉትን የክር ማሳለፊያ ቀለበቶች ከወልድያ ባመጣሁት የሐር ክር ጠምጥሜ በስሱ ቫርኒሽ አለበስኳቸው። ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከእጀታው እስከ ጫፉ አዩትና «እንደ ጥይት!» አሉ።

ዋጋውን ሐይቅ ይንገረን ብለን በደሴ መንገድ ተጓዝን። እዚያ የሚጠመደው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣም እንደ ዘንጉ መጤ ነው፤ ወደ ሐይቁ የገባው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። መጤ ለመጤ ተግባብተው መሰለኝ፣ ብዙም ሳልቆይ ክሩ ተወጠረ። ዘንጉ እንደ ደጋን ጎበጠ፤ እኔ በደስታ ልጮህ ስል ሽማግሌው ቀደሙኝ፦

«ልቀቀው! ልቀቀው! ያን ሁሉ ቡና የጠጣንበትን መልሶ አጠመመው!»